ቀማሿ

ናይጄሪያ ውስጥ በእኛ በኢባዳኖች ዘንድ ከመንታ ልጆች ቀድሞ የሚወለደው ታናሽ ይባላል። ታላቁ ሆድ ውስጥ ሆኖ «እስቲ ዓለምን ቅመስና ጥሩ ከሆነ ጥራኝ» ብሎ ይልከዋል። ታላቋ እኔ ኬሂንዴ ነኝ። የላክኋት ታይዎ በስድስት ዓመታችን በኩፍኝ ሞተች። እናታችን ግን እስክትሞት ድረስ ጣፋጭ ስትገዛ ሁለት ነበር የምትገዛው፤ መጀመሪያ የታይዎን።

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሞሮላኬ «እማዬ፣ በሰርጌ ቀን በዚህ ግንባር አጠገቤ ልትቆሚ ነው? የታረሰ ማሳ እኮ መስሏል» ብላ የፊት መጨማደድ የሚያጠፋ መርፌ ወደሚወጉበት ክሊኒክ ወሰደችኝ። እኔን እዚያ ጥላኝ ልብስ ሰፊዋ ጋ ሄደች።

መርፌ ከልጅነቴ ጀምሮ ያስፈራኛል። ነርሷ የሚያደነዝዘውን ቅባት ግንባሬ ላይ ስትቀባ እጇን ያዝኩት።

«የኔ ልጅ፣ ይቅርብኝ። ደግሞ መጨማደዴ የራሴ ነው፣ ከማንም አልተበደርኩት።»

ሳቀች። «እማማ ደግሞ! ታናሽ እህትዎ እኮ እንደሚፈሩ ነግራኛለች። ‹ቀድሜ ልሞክርላት› ብላ ውስጥ ገብታለች።»

«ልጄን ይሆናል ያየሽው።»

«ልጅዎን በሩ ድረስ የሸኘኋት እኔ ነኝ። ይቺኛዋ ቁርጥ እርስዎን ትመስላለች፤ ግንባሯ ላይ ግን አንድ መስመር እንኳ የለም። ዶክተሩ ራሳቸው ምኗን እንደሚወጉ ግራ ገብቷቸዋል።»

ከመጋረጃው ወዲያ አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። ከዚያም ሃምሳ ምናምን ዓመት ያልሰማሁት የልጅ ድምፅ ጠራኝ።

«ኬሂንዴ፣ ነይ። ምንም አያምም።»