በእጅ የጋረዱት ፀሐይ

ፀሐይ የሰው ቆዳ መላጥ ከጀመረች ወዲህ በጫሞ ሐይቅ ዳር ቀን ቀን ሳይሸፋፈን የሚወጣ የለም። ዓሣ አጥማጁ አንጁሎ ግን ዛሬ መረቡ ውስጥ የተወሳሰበውን ቆሮሶ ዓሣ በጓንት ላላቅቅ ብሎ ሲታገል ዋለና፣ በመጨረሻ ተናዶ ጓንቱን አወለቀው። ወዲያው መልሶ ቢያጠልቀውም ጣቶቹ ተቃጥለው አበጡ።

ማታ ሚስቱ አማረች ማስታጠቢያውን ይዛ ስትቀርብ እጁን ኪሱ ውስጥ ወሸቀ። ጠዋት ጠዋት «እጅህን እንዳትገልጥ፣ በሞቴ!» እያለች ነው የምትሸኘው።

«ታጠብ እንጂ» አለችው።

«አልራበኝም።»

«ምን በልተህ?»

ተነሳ፤ ተመልሶ ተቀመጠ፤ በሩን አየ። አማረች ማስታጠቢያውን አስቀመጠችና ከወጡ ጠቅልላ ጉርሻውን ወደ አፉ አስጠጋች።

«በሞቴ።»

ሊጎርስ ሲል እጇን አየው። የጣቶቿ ውስጥ ደህና ነው፤ የእጇ ጀርባ ግን እስከ አንጓዋ ድረስ ውሃ ቋጥሯል።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ጀልባህ ሲዘገይብኝ ነጠላዬን ተከናንቤ ወደ ሐይቁ ሮጥኩ» አለች፣ ሁለተኛውን ጉርሻ እየጠቀለለች። «ዓይኔን እንዳትወጋኝ ፀሐይዋን በእጄ ጋርጄ ስፈልግህ፣ ጓንት ማጥለቁ ትዝም አላለኝ።»