የቀላውዴዎስ እንጉዳይ

ጉርሻው አፉ ጋ ሲደርስ አድማሱ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ሸሸት አደረገ። “ከዛሬ ጀምሮ ሜኑ ላይ የሚወጣ የጾም ወጥ ነው፤ ቴስት አድርገው” አለችው ሚስቱ አምሳለ፣ ክንዷን እንደዘረጋች። ባሕር ማዶ፣ ፌርፋክስ ላይ ያለው ምግብ ቤታቸው ሊከፈት ትንሽ ነው የቀረው። ከእንጀራው መሃል የእንጉዳዩ ጥቁር ጠርዝ ብቅ ብሏል። እሱ ባደገበት አገር ይሄ ነገር የጅብ ጥላ ነው፤ እንኳን ሊበሉት በእግራቸውም አይነኩት። በዚያ ላይ ጠዋት በትንሽ በትልቁ ሲነታረኩ ነው ያረፈዱት።

“ትናንት ኮሌጅ የታሪክ ክላስ ምን ተማርን መሰለሽ? ቀላውዴዎስ የሚባል የሮማ ንጉሠ ነገሥት ነበር። ያን ሁሉ አገር ይገዛል፤ ሰይፍ የታጠቀ ዘበኛ አለው፤ ምግቡን እንኳ ቀድሞ የሚቀምስለት ሰው ነበረው።”

“እሺ?”

“ሚስቱ በእንጉዳይ ገደለችው ይባላል።”

አምሳለ እጇን አላወረደችም። ወጡ በጣቶቿ መሃል አልፎ ወደ አንጓዋ መንጠባጠብ ጀምሯል። “ንጉሥ ሆይ” አለች ሳቋን እንደምንም ይዛ፣ “እርስዎ እኮ የሰው መኪና ነው ፓርክ የሚያደርጉት። ገድዬዎት ምን ልወርስ? ያቺን የፓርኪንግ ሥራ ቀይ ጃኬት?”

አድማሱ ሳቁ አመለጠው፤ አፉ ሲከፈት ጉርሻው ገባ። በርበሬውና ነጭ ሽንኩርቱ ምላሱ ላይ ተሰማው፤ እንጉዳዩም ሥጋ ሥጋ አለው። ገና ሳይውጥ አምሳለ ሌላ ጠቅልላ ቀረበች።

“አንድ ጉርሻ ያጣላል” አለችው።

የጠዋቱ ንትርክ ትዝ አለው። ዓይኑን ጨፍኖ አፉን ከፈተ።