ምራቅ ሰብሳቢዎቹ

ነጩ መኪና ከጎበሳ በላይ ያለው መንደር የገባው በታኅሣሥ መጨረሻ ነው። የመጡት ሰዎች ምራቅ ይሰበስባሉ። ከየቤቱ ከእናትና ከሴት ልጅ ወስደው፣ ዘራቸው ከጥንት ከየት ተነስቶ በየት እንዳለፈ ያጠናሉ ተባለ።

የኋላሸት ወሬውን የሰማው አውድማ ላይ ነው። መንሹን አስቀመጠና ወደ ቤቱ አየ።

የልጁ የቢታንያ ሠርግ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ሽማግሌዎች ከሙሽራው ከእዮኤል ወገን ጋር ተቀምጠው ሰባት ቤት ቆጥረዋል። የኋላሸት ፊደል አያውቅም፤ የአያት የቅድመ አያቶቹን ስም ግን አንድ በአንድ ጠርቶ፣ ዝምድና የለም ብሎ ምሏል። ቆጠራው ሐሰት ከሆነ ሠርጉ ይፈርሳል። ከዚያ ወዲያ ልጅቷን የሚጠይቅ አይኖርም።

ሲምል በልቡ፣ «የሌላ ሰው ልጅ ይዤ ነው የምምለው» ብሎ ነበር።

ከሃያ አራት ዓመት በፊት ሮቤ የእህል መጋዘን ይጠብቅ ነበር። የሚያድረው አንዲት ጠላ ሻጭ ቤት ነው። ዓመት ከመንፈቅ ቆይቶ በኅዳር ወደ ሚስቱ ወደ ብርቄ ተመለሰ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ የሮቤ ነጋዴ መጥቶ ብርቄን ጓሮ ወስዶ አነጋገራት። በማግስቱ፣ «አርቦዬ ያለችው እህቴ ታማለች» ብላ ሄደች። በግንቦት ሕፃን ታቅፋ ከሮቤ ከመጣ መኪና ወረደች።

ጎረቤት፣ «ያለ ወሯ የተወለደች ናት» አለ። ሕፃኗ ግን ደንዳና ነበረች። የኋላሸት በጣቱ ቆጠረ፤ ስድስት ወር። ያ ነጋዴ ዳግመኛ አልታየም። ጠላ ሻጯም በዚያው ዓመት ሞተች ሲሉ ሰማ። ምንም አልተናገረም። ሰው፣ «ቢታንያ ቁርጥ አንተን» ሲለው፣ ሊያጽናኑኝ ነው ይል ነበር።

አሁን ብርቄ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። ልጅቷን፣ «እስከ ሠርጉ አርቦዬ አክስትሽ ዘንድ ሁኚ» አለቻት።

«እማዬ፣ ሙሽራ ይባረራል እንዴ?» ቢታንያ ሳቀች።

ብርቄ አልሳቀችም። የኋላሸት ይህንን አየ።

እምቢ ማለትም አይሆንም። የእዮኤል እናት ትናንት ሰጥታለች። እምቢ ያለ ቤት ይወራበታል።

መኪናው ሁለት ቤት ሲቀረው የኋላሸት ዱላውን ይዞ ወደዚያው ሄደ። ከአሰላ የመጣችው ባለሙያ፣ ናዝሬት፣ ብልቃጥ ላይ ቁጥር ትጽፋለች። ቤት የሚያሳያት የቀበሌው ዲሪባ አጠገቧ ቆሟል።

«ልጄ፣ ይሄ ምራቅ አባትን ያወጣል?»

«አያወጣም፣ አባባ። ይሄ ከእናት ወደ ልጅ ብቻ የሚወርድ ነው። እናትን፣ የእናትን እናት፣ እንዲያ እያልን ሺህ ዓመታት ወደ ኋላ እንሄዳለን።»

«አባት ሳይጠራ ዘር ይቆጠራል?»

«ጋሼ፣ ዘንድሮ ወንድ አልተፈለገም» አለ ዲሪባ። «እኔም ልትፋ ብላቸው አባረሩኝ።»

«ከእናትም ከልጅም ለምን ትወስዳላችሁ?»

«የእናትና የልጅ አንድ መሆን አለበት። ካልገጠመ ተሳስተናል ማለት ነው፤ ተመልሰን መጥተን እንጠይቃለን።»

«አባት ግን አይታይም።»

«በጭራሽ።»

የኋላሸት ትንፋሹን ለቀቀ። ዳገቱን በፍጥነት ወጣ፤ ጉልበቱ እንደዚያ ከታዘዘለት ቆይቷል። ብርቄ በር ላይ ቆማ መንገዱን ታያለች። ነጠላዋን በሁለት እጇ ጨምድዳለች።

«ብርቄ፣ ስሚኝ። ሁሉን አውቃለሁ። ይዘሻት ከመጣሽበት ቀን ጀምሮ አውቃለሁ።»

ፊቷ አመድ መሰለ። «ታውቃለህ?»

«ዝም ያልኩት ለልጅቷ ብዬ ነው። እኔም ሮቤ ሳለሁ ንጹሕ አልነበርኩም። ይቅር ብዬሻለሁ።»

«እኔን?»

«አንቺን። አሁን አትፍሪ፤ ጠይቄያቸው መጣሁ። አባትን አያዩም፤ የሚያዩት የእናትን ብቻ ነው። አንቺም እሷም ስጡ፤ ማንም ምንም አያገኝም።»

መኪናው ከታች መጥቶ አጥራቸው ሥር ቆመ። ቢታንያ ልትከፍት ወጣች። ብርቄ ባሏን ትኩር ብላ አየችው።

«የአባቷንማ ቢያዩ መች እፈራ ነበር» አለችው፤ «ልጅቷ ያንተ ናት፤ እኔ ነኝ ያልወለድኳት።»