ዝም ያለው መጽሐፍ

በዚያ ዘመን ስለ ዓሣ ነባሪ የሚታተም የልጆች መጽሐፍ ሁሉ ባሕር ውስጥ ከምትኖር ከአንዲት ዓሣ ነባሪ ጋር የተገናኘ ነበር። ልጅ ሲከፍተው ድምፅዋን በቀጥታ ይሰማል፤ እሷ ስትሞት መጽሐፉም ዝም ይላል። በደሴ የልጆች ቤተ መጻሕፍት የቀረው አንድ ብቻ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት እሱም ጭጭ አለ።

ኃላፊዋ ወይዘሮ ዘርፌ ገጾቹን ደጋግመው ገለጡና አሳታሚው ዘንድ ደወሉ።

«ችግር የለም፣ እትዬ» አላቸው ስልኩን ያነሳው ወጣት ሠራተኛ። «የተቀዳ ድምፅ እንጭንበታለን። ልጆቹ አያውቁም።»

«እኔ ግን አውቃለሁ» አሉና ስልኩን ዘጉ።

ምንጣፉ ላይ ተሰብስበው ለሚጠብቁት ሃያ ሦስት ልጆች እውነቱን ሳይሸፋፍኑ ነገሯቸው። አንዳንዶቹ አለቀሱ። የሰባት ዓመቷ ሐያት ግን መጽሐፉን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ቆየችና፣ «ልጇስ፣ እትዬ ዘርፌ?» አለች።

«የምን ልጅ?»

«ትናንት አብራት ስትጮህ የነበረችው፣ ቀጭን ድምፅ ያላት።»

ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሁሉም ሰምተዋታል።

ወይዘሮ ዘርፌ ስልኩን መልሰው አነሱ። «ዓሣ ነባሪዎቹን ባሕር ላይ ለሚከታተሉት ሰዎቻችሁ ንገሯቸው» አሉ። «እናቷ የሞተችባት ግልገል እዚያው አካባቢ አለች። ጡት ገና አልጣለችም ይሆናል።»

«እርስዎ ደሴ ተቀምጠው በምን አወቁ?»

«ሃያ ሦስት ምስክር አለኝ» አሉና ስልኩን ለሐያት ሰጧት።

ሐያት ጉሮሮዋን ጠረገችና እንደዚያች ግልገል ጮኸች።

«እስቲ ድገሚው፣ የኔ እመቤት» አላት ወጣቱ።

በማግስቱ ለፍለጋ ጀልባ ወጣ።