የድርጅታችን ዋልያ

ሥራ አስኪያጃችን ስሜን ተራሮች ድረስ የወሰዱን መንፈሳችን እንዲታደስ ብለው ነው። እሳቸው በበቅሎ፣ እኛ በእግር ወጣን። ለእራት ደባርቅ ላይ የገዛነው ቀንዳም ቡናማ ፍየል በቀይ የናይለን ገመድ ታስሮ ከኋላ ከኋላችን ይጎተት ነበር።

ድንኳን ተክለን እንደጨረስን ሰበሰቡንና ስለ ዱር እንስሳት ረጅም ንግግር ጀመሩ። መሐል ላይ ድንገት አቋርጠው ወደ ገደሉ አፋፍ ጠቆሙ።

«እንዳትንቀሳቀሱ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዋልያ ነው።»

ሁላችንም አየነው። ከዚያ እርስ በርስ ተያየን። ጠመንጃ አንግቶ ያጀበን የፓርኩ ጥበቃ «ጌታው፣ ይሄ እኮ...» ብሎ ሲጀምር የሒሳብ ክፍሏ እልፍነሽ እግሩን ረገጠችው። ወሩ ዕድገት የሚሰጥበት ነበር።

«ግርማ ሞገሱን እዩት» አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ በስልካቸው ደጋግመው እያነሱት። «ይሄ በገንዘብ የሚገዛ ነገር አይደለም።»

«እውነት ነው» አልን በአንድ ድምፅ። እልፍነሽማ እንባዋን ጠረገች።

ማታ ፓስታ በቲማቲም ቀረበ።

«ፍየሉስ?» አሉ።

«ገመዱን በጥሶ ጠፋብን» አለ ምግብ አብሳዩ አንገቱን ደፍቶ።

ሥራ አስኪያጁ ሹካቸውን አስቀምጠው አንድ በአንድ ገላመጡን። «አንድ ፍየል መጠበቅ ያቃተው ሠራተኛ ነው ከእኔ ዕድገት የሚፈልገው?»

እንዳሉትም ዕድገቱ ቀረ። ዋልያው ግን በአዲሱ ዓመት ካላንደራችን ሽፋን ላይ ወጥቶ በየቢሮው ተሰቅሏል። ከአንገቱ የተንጠለጠለው ቀይ ገመድ ከበር ላይ ሆኖ ይታያል።