የሬሳው ኮት

ሬሳው አሁንም አስነጠሰ።

«ከት!» ትላለች ልጄ ከካሜራው ጀርባ። «አጎቴ፣ ሞተሃል እኮ!»

«እኔ ሞቻለሁ፤ አቧራው ግን አልሞተም» ይላል የባሌ ታናሽ ወንድም ከሳጥኑ ውስጥ። ጎማ ሲጠግን የሚውል ሰው ነው። ደረቱ ላይ ያነባበራቸው እጆቹ ታጥበውም ግራሶው አልለቀቃቸውም።

እኔ መስኮቱ አጠገብ ነጭ አንሶላ ዘርግቼ ቆሜያለሁ። ልጄና ጓደኞቿ የፊልም መብራት ለመከራየት አቅም ስለሌላቸው፣ የከሰዓቱን ፀሐይ በአንሶላው ተቀብዬ ሬሳው ፊት ላይ እመልሳለሁ። ክንዴ ዝሏል። ሶፋዬ ኮሪደሩ ላይ በጎኑ ተገትሯል። የምግብ ጠረጴዛዬ ላይ የአስከሬን ሳጥን ተቀምጧል፤ ሳጥን ከተባለ። የማቀዝቀዣ ካርቶን ነው። ቡናማ ቀብተውት ቀለሙ ሲደርቅ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ብቅ ብሏል፦ «ይህ ጎን ወደ ላይ»።

«ጽሑፉ ይነበባል» እላለሁ።

«ይነበብ፣ እማዬ። የሚያስቀው እሱ ነው።»

ሬሳ የሚዘፍንበት አስቂኝ ፊልም። ነገሩ እንዲገባኝ ያልሞከርኩት የለም። አምና የሆስፒታል ፊልም ሠርተው ነበር። ሐኪሟ በሽተኛውን እንደማይድን በዘፈን እየነገረችው ሳለ፣ ከስስ ጣውላ የሠሩት ግድግዳ ወደቀባት። በአንድ እጇ ደግፋ ይዛ ዘፈኗን ጨረሰች፤ እነሱም ቆርጠው አላወጡትም። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ግን መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር።

«ገንዘብ ቢኖረን ግድግዳው አይወድቅም ነበር» አለችኝ ልጄ ስንወጣ። «ግድግዳው ባይወድቅ ደግሞ ማን ያምናት ነበር?»

ታክሲ ፍለጋ ቀድሜያት ሄድኩ። ጫማዬ ጠቦኝ ነበር።

«ዝም በሉ!» ትላለች ድምፅ የምትቀዳው ልጅ። ከዚህ ሌላ ቃል ስለማይወጣት ቅጽል ስሟም «ዝም በሉ» ሆኖ ቀርቷል። ጥቁር ሻርፕ የተከናነቡት ሦስት አልቃሾች፣ የልጄ የቢሮ ባልደረቦች፣ ማንጎራጎር ይጀምራሉ። ሬሳው ብድግ ብሎ ይቀመጣል፦

«ሞቼስ ሞቻለሁ፣ አልከራከርም፤
ይህ ክራባት ግን ከኮቴ አይሄድም!»

ክንዱን ሊያነሳ ሲል ኮቱ ብብቱ ሥር ያንቀዋል፤ አንገትጌው ጆሮው ድረስ ይወጣል። የሠርጉ ኮት ነው። ከሠርጉ ወዲህ እሱ ሲወፍር ኮቱ ባለበት ቀርቷል። የጭፈራው ጠቅላላ ቁም ነገር ደግሞ እጅ ማንሳት ነው።

«ከት» ትላለች ልጄ። አሁን አልጮኸችም። ካሜራው ነገ ጠዋት ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ይህ ዘፈን ከሌለ ፊልሙ የለም። ወደ እኔ ትመጣና ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች።

«እማዬ፣ የአባዬ ግራጫው ኮት…»

«አይሆንም።»

«ለአንድ ዘፈን ብቻ። አባዬ ትከሻው ሰፊ ነበር፤ ለአጎቴ ይበቃዋል።»

«ቁም ሣጥኑ አይነካም ተባብለናል።»

«ተባብለናል? አንቺ ነሽ ያልሽው! ቁም ሣጥኑ አይነካም፣ ወንበሩ ላይ አይቀመጥም፣ ስሙ አይነሳም። ታዲያ ምን ላድርግ? አንቺ ንገሪኛ!»

አልቃሾቹ ወለሉን ያያሉ። ሬሳው ቀስ ብሎ ተመልሶ ይተኛል።

የሰው ቤት ገልብጠው፣ የሰው ክንድ አድክመው፣ በዚያ ላይ ጩኸት። አንሶላውን ወንበር ላይ እጥልና ከወጥ ቤቱ መሳቢያ መቀሱን ይዤ እመለሳለሁ።

«ተነስ» እለዋለሁ ሬሳውን። «ጀርባህን ስጠኝ።»

«ምን ልታደርጊ ነው፣ እትዬ?»

መቀሱን ከኮቱ ጫፍ መሐል አስገብቼ ሽቅብ እቀድዳለሁ። ወፍራም ጨርቅ ነው፤ እያጉረመረመ ይከፈታል።

«እትዬ! የሠርግ ኮቴን? ሚስቴ እኮ ትገድለኛለች!»

«ሞተሃል እኮ።»

አልቃሾቹ ይፈነዳሉ። «ዝም በሉ» ራሷ አፏን በእጇ ትይዛለች።

እኔ ሥራዬን እቀጥላለሁ። ኮቱን አንገትጌው ድረስ ለሁለት ከፍዬ አወልቅለታለሁ፤ ከዚያም ከፊት ለፊቱ መልሼ አንዱን እጅጌ፣ ቀጥሎ ሌላውን አጠልቅለታለሁ። አስተኝቼው የተቀደደውን ጠርዝ ከጀርባው ሥር በሁለት በኩል እወትፋለሁ። አንገትጌውን እስባለሁ። ቁልፉን እቆልፋለሁ። ጣቶቼ አያመነቱም።

«በቃ። ከፊት ሲያዩት ደህና ኮት ነው። የሬሳ ክንድ ደርቆ አልታጠፍ ሲል እንዲህ ነው የሚያለብሱት።»

«የት አየሽ?» ትላለች ልጄ።

ክራባቱን አስተካክላለሁ። በእርግጥም ከኮቱ ጋር አይሄድም።

«እማዬ። አባዬን ስታለብሱት ‹አንቺ ውጪ ጠብቂ› ያልሽኝ…»

«ፀሐይዋ እየሄደች ነው» እላታለሁ። «ሥራሽን ሥሪ።»

ወደ አንሶላዬ እመለሳለሁ። የእሷ በማይመስል ድምፅ «አክሽን» ስትል እሰማለሁ።

ሬሳው ይነሳል። አሁን ክንዶቹ ጣሪያውን ሊነኩ ይደርሳሉ። እየዘፈነ ከጠረጴዛው ይወርዳል፤ ሲዞር ኮቱ ከኋላው እንደ መስኮት ለሁለት ይበረገዳል፤ ላብ ያራሰው ሸሚዙ ይታያል። ማልቀስ የነበረባቸው አልቃሾች በሳቅ ዜማው ይጠፋባቸዋል። እሱ ግን አያቆምም፤ ስለ ክራባቱ አቤቱታውን እያሰማ ይሽከረከራል።

«ከት» እስክትል እጠብቃለሁ። አትልም። ካሜራው ብቻውን ይቀዳል፤ ልጄ ከላዩ አሻግራ እኔን ታያለች።

አንሶላውን ፊቴን እስኪጋርድ ከፍ አደርገዋለሁ። ከአንሶላው ወዲያ፣ ብርሃኑ በተቀደደው የኮቱ ጀርባ ላይ እየጨፈረ ነው።