ቁም የምትለዋ ቀስት

ፕሮፌሰር ሳሌም ከአዲስ አበባ አሶሳ ድረስ የምትመጣው ዶክተር ዱሬሳን ልትሸልም ነው ተባለ። አዲስ የሚከፈተው የምርምር ማዕከልም ለእሱ እንደሚሰጥ ማንም አልተጠራጠረም። ወሬው የዩኒቨርሲቲውን ግቢ አዳርሶ ከማንጎው ጥላ ሥር ሲደርስ ቢሊሴ ምሳዋን እየበላች ነበር። መብላቷን አላቋረጠችም።

«ሰማሽ?» አለቻት የቤተ ሙከራዋ ባለሙያ ዐርዋ። የልብ ጓደኛዋ ናት።

«ሰማሁ።»

«ወላሂ አንቺ ድንጋይ ነሽ! ያንቺን ልጅ የእኔ ነው ብሎ ስም ሲያወጣለት ዝም ትያለሽ?»

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አለች ቢሊሴ አንገቷን ደፍታ።

ልጅ የተባለው ቢሊሴ የሠራችው የኮምፒውተር ሞዴል ነው። በካንሰር ሴል ውስጥ ፕሮቲኖች መልእክት ይቀባበላሉ፤ አንዱ «ቀጥል» ይላል፣ ሌላው «ቁም» ይላል። ቢሊሴ ይህን ቅብብል ኮምፒውተር ላይ በቀስት ሣለችው። ጫፏ ሹል የሆነችው ቀስት ቀጥል ትላለች፤ ጫፏ ጠፍጣፋ የሆነችው ቁም ትላለች። ከዚያ አንዱን ፕሮቲን ዝም ታሰኝና ሴሉ ይሞት ወይም ይባዛ እንደሆነ ታያለች። ዓመታት የፈጀ ሥራ ነበር። ሰው ፊት አፏን ለመክፈት የምታፍር ሴት ሲነጋገሩ የሚውሉ ነገሮችን ሙያ ብላ መያዟ ዐርዋን ሁሌም ያስቃታል።

ዱሬሳ አለቃዋ ነው። መጀመሪያ የወሰደባት አንዲት አጭር ጽሑፍ ነበረች። ስሟን አውጥቶ የራሱን ሲያስገባ ሄዳ ጠየቀችው።

«አንቺ እኮ መድረክ ላይ ስትወጪ ላብ ያጠምቅሻል» አላት እየሳቀ። «ማን ያምንሻል?»

ያን ጊዜ በር ዘግታ አለቀሰች። ባምባሲ ያሉት እናቷ በስልክ ድምጿን ሰምተው «ምን ሆነሻል?» ሲሏት «ጉንፋን ነው» አለች። ጉንፋኑ ወደ ውስጥ ገባ እንጂ አልለቀቃትም።

ሁለተኛ የወሰደባት ሞዴሉን ነው። ኮምፒውተሯን ሳትቆልፍ ከወንበሯ የማትነሣው ቢሊሴ አንድ ጠዋት ኮምፒውተሩንም ክፍሉንም ክፍት ትታ ወጣች። ስትመለስ ወንበሯ ሞቆ ጠበቃት። ብዙም ሳይቆይ ሞዴሉ በዱሬሳ ስም ታትሞ ወጣ። ዐርዋ ጮኸች፣ ተሳደበች። ቢሊሴ ግን በዚህኛው አላለቀሰችም። እንዲያውም ሄዳ «እንኳን ደስ አለዎት» አለችው። እሱም ሻይ ጋበዛት።

የሽልማቱ ቀን አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ዱሬሳ በዚያ ሙቀት ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ፕሮፌሰር ሳሌም መነጽሯን አስተካክላ ተነሣች። ፊቷ ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም።

«ከመናገሬ በፊት አንድ ነገር መጣራት አለበት» አለች። «ሥራው የሌላ ሰው ነው የሚል ሹክሹክታ ደርሶኛል።»

ዐርዋ ቢሊሴን በክርኗ ጎሸመቻት። ሹክሹክታው ከማን እንደ ወጣ ቢሊሴ ገባት።

ዱሬሳ ብድግ አለ። «ፕሮፌሰር፣ እያንዳንዷን ቀስት የሣልኳት እኔ ነኝ። በሕያው ሴል ላይ የፈተሽኩትም እኔው ነኝ። ጽሑፉ ላይ ሰፍሯል።»

«ቢሊሴ የምትባለውስ አለች?»

አዳራሹ በሙሉ ወደ እሷ ዞረ። ላቡ ጀርባዋ ላይ ሲወርድ ተሰማት።

«ተናገሪ!» አለች ዐርዋ ጥርሷን ነክሳ። «አሁን ካልተናገርሽ ወላሂ ጓደኛዬ አይደለሽም!»

ቢሊሴ ተነሣች። «ሥራው የዶክተር ነው» አለች፣ ለወለሉ የምትነግር ይመስል። «ሁሉም የእሳቸው ነው። እኔ አንዲትም ቀስት የለኝም።»

ዐርዋ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ዱሬሳ እንደ ሙሽራ ወደ ሕዝቡ ዞሮ እጅ ነሣ።

«ጥሩ» አለች ሳሌም። «እንግዲያው ተጠያቂው አንድ ሰው ነው። ሞዴሉ ዝም አሰኙት ያለንን ፕሮቲን በእውነተኛ ሴል ላይ ዝም አሰኘነው። ሴሉ መሞት ነበረበት፤ ተባዛ። ደጋገምነው፤ ባሰበት። ቁም ማለት የነበረባት አንዲት ቀስት ቀጥል ተብላ ተሥላለች። መሳሳት ያለ ነው። ነገር ግን ዶክተር፣ በሕያው ሴል ላይ ፈትሼ ሞተ ብለው ጽፈዋል። የትኛውን ሴል ነው የፈተሹት?»

ዱሬሳ አፉን ከፈተ። ወደ ቢሊሴ ዞረ፤ እሷ ወለሉን እያየች ነበር። «ሞዴሉን እኮ እኔ...» ብሎ ጀመረና ዋጠው። እያንዳንዷ ቀስት የእሱ ናት፤ ሰው ሁሉ ሰምቷል። ሳሌም ወረቀቷን ሰብስባ ወጣች። ለሽልማቱ የተዘጋጀው ካባ እንደታጠፈ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

«አላህ ፈረደ» አለች ዐርዋ ባጃጅ ውስጥ። «አንቺ ግን ሞኝ ነሽ። ሥራሽም አብሮት ተቀበረ።»

«ምን ይደረግ» አለች ቢሊሴ በለሆሳስ።

ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች፤ ኮምፒውተሯን ከፈተችና፣ ክፍሉን ክፍት ትታ በወጣችበት ጠዋት በገዛ እጇ ያሾለቻትን ቀስት መልሳ ጠፍጣፋ አደረገቻት።